ዊኪፔዲያ ይታመናል? የትኛው ገጽ፣ በየትኛው ቋንቋ?

«ከዊኪፔዲያ መጥቀስ አይፈቀድም።» ይህች ዓረፍተ ነገር በዩኒቨርሲቲ የአሳይመንት መመሪያዎች ላይ ቦታዋን ከያዘች ሰነባብታለች። መምህሩ ያምንባታል፣ ተማሪውም እሺ ይላል። ሁለቱም ማታ ቤታቸው ገብተው አንድ ነገር ማወቅ ሲፈልጉ ግን መጀመሪያ የሚከፍቱት ያንኑ ዊኪፔዲያ ነው። ክልከላው ያስቀረው ማንበቡን ሳይሆን አንብቤያለሁ ማለቱን ነው። ተማሪው ገጹን ያነብና ከግርጌው የተደረደሩትን ዋቢዎች ወደ ራሱ ጽሑፍ ይገለብጣል። መጽሐፉን በዓይኑ አላየውም፣ በተጠቀሰው ገጽ ላይ ምን እንደተባለም አያውቅም፤ ጽሑፉ ግን በታላላቅ ምሁራን ስም አጊጦ ይቀርባል። በእኔ እምነት ይህ ዊኪፔዲያን በስሙ ጠርቶ ከመጥቀስ ይከፋል። በስሙ ቢጠራ ኖሮ አንባቢ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ ሊደርስበት ይችል ነበር።

«ዊኪፔዲያ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር መጀመሪያ የጀመሩት ኑፔዲያ የተባለ፣ ምሁራን በሰባት እርከን እየገመገሙ የሚያጸድቁት መዝገበ ዕውቀት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግምገማውን ያለፉት 21 ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 የተከፈተው ዊኪፔዲያ እንደ ረቂቅ ማዘጋጃ ጓሮ የታሰበ ነበር፤ ማንም ይጻፍ፣ ማንም ያርም ተባለ። ጓሮው ዋናውን ግቢ ዋጠው። ኑፔዲያ በ2003 ተዘጋ።

በ2005 መጨረሻ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት የሁለት መዛግብተ ዕውቀትን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከየትኛው እንደመጡ ሳይነግራቸው ለባለሙያዎች ሰጠ። በ42 ርዕሶች ላይ ከዊኪፔዲያ 162፣ ከብሪታኒካ ደግሞ 123 ስህተት ተገኘ፤ በአማካይ ለአንድ ጽሑፍ አራት ለሦስት ማለት ነው። ከባድ የተባሉት ስህተቶች በሁለቱም ወገን እኩል አራት አራት ነበሩ። ብሪታኒካ ተቆጥቶ ጥናቱ ይሰረዝ ብሎ ጠየቀ፣ መጽሔቱም አልሰርዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥናት ዊኪፔዲያን ለመከላከል የሚፈልግ ሁሉ የሚመዘው ሰይፍ ሆኗል። ሰይፉ የሚቆርጠው ግን በተወሰነ ቦታ ነው። የተመዘኑት የሳይንስ ርዕሶች ናቸው፣ የተመዘኑትም በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ታሪክ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሌሎች ቋንቋዎች ጥናቱ የሚለው ነገር የለም።

ሚስጥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊኪፔዲያ አንድ ነገር አይደለም። ድንቅነሽን እንውሰድ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ይህች ቅሪተ አካል በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያላት ገጽ ከብዙ አቅጣጫ የሚታይ ነው። የሥነ ሰብእ ተማሪው ያነበዋል፣ መምህሩ ያየዋል፣ ጋዜጠኛው ይጠቀምበታል። አንድ ወስላታ ገብቶ ዕድሜዋን ከ3.2 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ቢቀይረው ለውጡ ብዙ ሳይቆይ ይታረማል። ገጹ የሚታመነው ጸሐፊው ሊቅ ስለሆነ ሳይሆን የሚጠብቀው ዓይን ብዙ ስለሆነ ነው። ዓይን በሌለበት ይኸው አሠራር በተቃራኒው ይሠራል፦ ማንም መጻፍ ይችላል፣ የሚያርም ግን የለም።

ስኮትስ በስኮትላንድ የሚነገር፣ ለእንግሊዝኛ የቀረበ ቋንቋ ነው፤ ዊኪፔዲያው የደረሰበትን ማየት ይበቃል። በ2020 አንድ ሰው ነገሩን አስተውሎ ይፋ ሲያደርገው ለካስ በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት ገጾች ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑትን የጻፈው አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነው። ቋንቋውን አይችልም። እንግሊዝኛውን በስኮትስ አነጋገር እያስመሰለ፣ ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላት እየተካ፣ ገና በልጅነቱ ጀምሮ ለዓመታት ጽፏል። ተንኮል አልነበረውም፤ የጠቀመ መስሎት ነው። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፣ ይኸኛው ጅብነቱን ራሱም አለማወቁ ብቻ ይለየዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ስኮትስ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ እነዚያን ገጾች ሲያነብ መኖሩ ነው።

የክሮኤሺያው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በክሮኤሺያኛ ዊኪፔዲያ ላይ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የያዙ ጥቂት ሰዎች ተባብረው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ በሚፈልጉት ብሔርተኛ መንገድ ለዓመታት ሲጽፉት ቆዩ። የተቃወማቸውን ያግዱታል፣ የታረመውን ይመልሱታል። በ2013 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ራሳቸው ተማሪዎች እንዳይጠቀሙበት እስከ መምከር ደረሱ። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ጉዳዩን አስጠንቶ ገጹ በአንድ ቡድን እጅ ወድቆ እንደነበር ያመነው በ2021 ነው። ልብ ማለት የሚገባው፣ ደንቦቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፦ ገለልተኛ ሁን፣ ዋቢ ጥቀስ፣ በውይይት ተስማማ። ደንቡን የሚያስከብሩት ሰዎች ቁጥር በጣት ከተቆጠረ ግን ደንቡ የእነሱ መሣሪያ ይሆናል።

ወደ እኛ እንምጣ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ገጾች አሉት፤ እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ። የአማርኛ ተናጋሪውን ብዛት ላሰበ ይህ ቁጥር ያስደነግጣል። ከነዚያ 15 ሺህ ውስጥ ብዙዎቹ የአንድና የሁለት መስመር ገጾች ናቸው፤ የተረትና ምሳሌ ገጾችም አሉ። የደከሙበትን ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ማመስገን ይገባል፣ ያለ ክፍያና ያለ ምስጋና የሠሩት ነው። ችግሩ እነሱ መጻፋቸው አይደለም፣ ሌላው አለማንበቡና አለማረሙ ነው። ያነበበው ሰው ስህተት ሲያይ «ዊኪፔዲያ ድሮስ!» ብሎ ይዘጋዋል እንጂ ሊያርም አይቀመጥም።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። የኢትዮጵያን ነገሥታት ከጥፋት ውኃ በፊት ጀምሮ የሚቆጥር አንድ ዝርዝር በይነ መረቡ ላይ በሰፊው ይዞራል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4530 ዓመት ይጀምርና እያንዳንዱ ንጉሥ ስንት ዓመት እንደነገሠ ሳይቀር ይነግረናል። ይህ ዝርዝር በ1914 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ለእንግሊዛዊው ቻርልስ ሬይ የሰጡት ነው፤ ሬይ በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አያይዞ አወጣው። በአማርኛው ዊኪፔዲያም ከዚሁ ዝርዝር የመጡ፣ የንግሥና ዘመናቸው ተቆጥሮ ገጽ የተከፈተላቸው ነገሥታት አሉ።

አሁን አንድ ተማሪ ከነዚህ ንጉሦች የአንዱን ገጽ ከፈተ እንበል። ስም አለ፣ ዓመት አለ፣ ቀዳሚና ተከታይ ንጉሥ አለ። ከላሊበላ ወይም ከዘርዓ ያዕቆብ ገጽ በአቀራረቡ ልዩነት የለውም። ነገር ግን ዘርዓ ያዕቆብ የተጻፈለት ዜና መዋዕል አለው፣ ራሱ ያስጻፋቸው መጻሕፍት አሉ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የጥንት ስሞች ደግሞ ከጥንት የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የመጡ አይደሉም። ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ማንፍሬድ ክሮፕ እንዳሳዩት፣ ከነሱ በርካታው ሉዊ ሞሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1904 ካሳተመው፣ ተረትንና ግብጻውያን መዛግብትን ከቀላቀለ የታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በዛሬይቱ ሱዳን ከነበረችው ናፓታ ተነሥተው ግብጽን የገዙት ፒያንኪና ታሃርቃ በዝርዝሩ ውስጥ ብቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ራሱ ትልቅ የታሪክ ሰነድ ነው፤ የሚነግረን ግን በ1914 ዓ.ም. የነበረው ቤተ መንግሥት ስለ ራሱ ጥንታዊነት ለዓለም ምን ማለት እንደፈለገ ነው እንጂ፣ ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት ማን እንደነገሠ አይደለም። ይህንን ልዩነት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ በገጹ ላይ ከሌለ፣ ገጹ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከዝርዝሩ በትክክል የተገለበጠ ቢሆን እንኳ ተማሪው ተሳስቶ ይወጣል።

የቀን ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደተካሄደ ሁላችንም እናውቃለን። በፈረንጆቹ ግን አንዱ ገጽ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል፣ ሌላው ማርች 2 ይላል። ትክክሉ ማርች 1 ነው። በዓሉን ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ላይ የሆነው፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የ1900 ዓመት ፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ስላልነበረው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ስለሰፋ ነው። ስለዚህ የዛሬውን በዓል ቀን አይቶ 1896ን የሚለጥፍ ሰው በአንድ ቀን ይስታል። ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ግን ያንን የሳተው ጸሐፊ ሌሎች ቀኖችንም በዚሁ መንገድ እንደቀየራቸው ይጠቁማል። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳይጻፍባቸው የቀሩ ዓመታትማ በአማርኛ ገጾች ላይ ስንት ሰው እንዳሳሳቱ ቤት ይቁጠረው።

ከተራ ስህተት ይልቅ የሚያስፈራው ራሱን ምስክር የሚያቆም ስህተት ነው። በፌብሩዋሪ 2009 ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ የተባለው የጀርመን ፖለቲከኛ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም፣ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ ገጹ ላይ ገብቶ ከተደረደሩት ብዙ ስሞቹ መካከል «ቪልሄልም» የሚል አንድ ስም ጨመረለት። መኳንንት ስለሆነ አሥር ስም ነበረው፤ አሥራ አንደኛውን ማን ይቆጥራል? ቢልድ ጋዜጣ ሙሉ ስሙን ከነቪልሄልሙ በፊት ገጹ አወጣው። የሽፒገል መጽሔት ድረ ገጽና ሌሎችም ተከተሉ። ኋላ ላይ ዊኪፔዲያ ውስጥ «ይህ ስም ከየት መጣ?» ብሎ የጠረጠረ ሰው ሲነሳ፣ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው የሽፒገል ዘገባ ነው። ሽፒገል ግን ስሙን ያገኘው ከዊኪፔዲያ ነበር። (ጉተንበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሳለ የዶክትሬት ጽሑፉ ከሌሎች የተገለበጠ መሆኑ ተጋልጦ ሥልጣኑን ለቀቀ። ቅጂዎቹን ገጽ በገጽ ለቅመው ያወጡት ደግሞ፣ ማንም ገብቶ በሚያርመው ሌላ ዊኪ ላይ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አሠራሩ ያጠፋውን አሠራሩ ሲያቃና እንዲህ ነው።)

ይህ ዓይነቱ ዙር በእኛ ዘንድ እንዲያውም ይቀላል። ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት ወይም ስለ አንድ አርበኛ ልደት የወጣ ዓረፍተ ነገር ከፌስቡክ ወደ ድረ ገጽ፣ ከድረ ገጹ ወደ ዊኪፔዲያ፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ ትረካ፣ ከትረካው ደግሞ ተመልሶ ወደ ጋዜጣ ይገባል። አምስት ቦታ ያነበበው ሰው አምስት ምንጭ ያገኘ ይመስለዋል። ምንጩ ግን አንድ ነው፣ እሱም ምናልባት ዋቢ የሌለው የአንድ ሰው ግምት።

በሌላ በኩል ደግሞ ዊኪፔዲያ እውነትን የሚያስቀርበት መንገድ አለ፣ ይህም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ደንቡ የታተመ ዋቢ ይፈልጋል። በአንድ ወረዳ ስላለ የሽምግልና ሥርዓት ሰባ ዓመት የዳኙበት አባት የሚናገሩት ቃል ዋቢ አይሆንም፤ በሦስት ሳምንት ጉብኝት የጻፈው መንገደኛ መጽሐፍ ግን ይሆናል። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ቀድቶ እንደ ዋቢ የመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ደንቡ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። የጎንደር ዘመን ነገሥታትን የእንግሊዝኛ ገጾች ግርጌ የተመለከተ ሰው ስኮትላንዳዊውን መንገደኛ ጄምስ ብሩስንና እንግሊዛዊውን ምሁር ዋሊስ በጅን ደጋግሞ ያገኛል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ነገር ግን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በይነ መረብ ላይ ስላልወጣ ብቻ የሌለ ያህል ሲሆን፣ ገጹ ባለ ብዙ ዋቢ ሆኖም አንድ ዓይና ይሆናል።

የዘመናችን ፖለቲካ ገጾች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ የሚደረገው እሰጥ አገባ ከመክረሩ የተነሳ፣ የግልግል ኮሚቴው በ2021 የአፍሪካ ቀንድን ጉዳዮች ልዩ የቁጥጥር ደንብ ከሚሠራባቸው ጎራ መድቧቸዋል። አንዳንድ ገጾች ሲቆለፉ ቢያንስ 30 ቀን የቆየና 500 ጊዜ ያረመ ተጠቃሚ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካቸውም። ስለ ጦርነት፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ብሔር ስያሜ የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ከወጣ የተረፈውን ነው ያነበበው። የውይይት ገጹን ከፍቶ ምን ተጽፎ እንደተሰረዘ፣ ማን በምን ምክንያት እንደተቃወመ ማየት ይኖርበታል። እውነቱን ለመናገር፣ ለተመራማሪ የውይይት ገጹ ከጽሑፉ ይልቅ ይጠቅማል፤ የታተመ ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጆቹ በምን እንደተጣሉ ለአንባቢ አያሳይም።

ይህ ሁሉ ግን ሰው ገጹን ይከፍታል በሚል ግምት የተነገረ ነው። አሁን የሚከፍተው እየቀነሰ መጥቷል። ጥያቄውን ለቻትጂፒቲ ወይም ለጉግል ያቀርባል፣ መልሱ ተጨምቆ ይመጣለታል፣ ዊኪፔዲያ ከመልሱ በስተ ጀርባ ይቀራል። ፋውንዴሽኑ በ2025 እንዳስታወቀው ሰዎች ገጾቹን የከፈቱበት ብዛት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ8 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የቻትቦቶቹ ሞዴሎች ሲሠለጥኑ ዊኪፔዲያ ከዋና ዋና ምግቦቻቸው አንዱ ነው፤ ለአማርኛ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በጠቅላላው ጥቂት ስለሆነ አንድ ስህተት ያዘለ የአማርኛ ገጽ የሚኖረው ክብደት ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። በማሽን ተተርጉሞ ሳይታረም የተለጠፈ ገጽ ነገ ማሽኑ አማርኛ የሚማርበት መጽሐፍ ይሆናል። ከዚያ ማሽኑ ይጽፋል፣ ሌላ ሰው ይለጥፋል። የጉተንበርግ ስም ታሪክ ያለ ጋዜጠኛ ሲደገም እንዲህ ይሆናል።

በኦክቶበር 2025 የኢሎን መስክ ኩባንያ ግሮኪፔዲያን ከፈተ። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጀው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ሲከፈትም ብዙዎቹ ከዊኪፔዲያ የተወሰዱ መሆናቸውን ራሱ ከግርጌ ያመለክት ነበር። አንባቢ ስህተት ካየ መጠቆም እንጂ ራሱ ገብቶ ማረም አይችልም። መስክ የሚያሰማው፣ ዊኪፔዲያ ወገናዊ ነው የሚለው ክስ ልክ ይሁን አይሁን ለብቻው ሊያከራክር ይችላል። ለተመራማሪ ዓይን ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ በዊኪፔዲያ እያንዳንዱ ቃል መቼ እንደገባና የትኛው ተጠቃሚ እንዳስገባው ይታያል፣ በግሮኪፔዲያ ግን አንድን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው የሚጠየቅ ሰው የለም።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ከሆነ በቅድሚያ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ መኖሩን ይወቅ፤ በሃምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በጸሐፊው ስም የተፈረመ ነው። በእንግሊዝኛ ነው፣ ውድ ነው፣ አብዛኛው ሰው ቤተ መጻሕፍት ካልሄደ አያገኘውም። ዊኪፔዲያ የገነነው እንዲህ ያለው ሥራ ከተራው አንባቢ እጅ ስለራቀ ነው እንጂ ስለበለጠው አይደለም። ስለዚህ ተማሪው በዊኪፔዲያ ቢጀምር አይፈረድበትም። ገጹ ላይ የለውጦቹን ታሪክ የሚያሳየውን ተጭኖ ስንት ሰው እንደጻፈው፣ መጨረሻ መቼ እንደተነካ ይይ። ሁለት ሰው ብቻ የነካውንና በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ የታረመውን ገጽ ብዙ ሰው እንደተከራከረበት አድርጎ አይመነው። ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነውን ዋቢ ራሱ ፈልጎ ያንብብ፤ ሲፈልግም የደራሲውን ስም በሁለቱም በኩል ይሞክር፣ ባህሩ ዘውዴ በፈረንጅ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ «ዘውዴ» ተብለው በመጨረሻው ፊደል ሥር ሊቀመጡ ይችላሉና። መጽሐፉን ካላገኘውና ያለው ዊኪፔዲያ ብቻ ከሆነ፣ ያነበበውን እትም ቋሚ ማያያዣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጥቀስ። ገጹ ነገ ቢለወጥም ያነበበው አይጠፋም።

መምህራን ደግሞ ያቺን የክልከላ ዓረፍተ ነገር አውጥተው በምትኩ አንድ ጥያቄ ቢያስገቡ ይሻላል፦ «ይህን መጽሐፍ እንዴት አገኘኸው?» «ከዊኪፔዲያ ግርጌ አይቼ፣ ስድስት ኪሎ ሄጄ ገጹን አነበብኩት» የሚል ተማሪ ሙሉ ማርክ ይገባዋል። ከዚያም አልፎ ያነበበውን ይዞ ተመልሶ የአማርኛውን ገጽ እንዲያርም ቢታዘዝ፣ የአሳይመንቱ ወረቀት ከመምህሩ ጠረጴዛ አልፎ ለሌላ አንባቢ ይደርሳል። ሃምሳ ተማሪ ያለው አንድ ክፍል በአንድ መንፈቀ ዓመት ሃምሳ ገጽ ያቀናል፤ የማያነቡትን ወረቀት ከማረም መምህሩንም ያሳርፈዋል።